መሪው የሚርገበገብ ላንድክሩዘር፦ የመሪ ሳጥን ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «የምነዳው 79 ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው፤ ፊቱ ባለ ሞላ። ከድሬዳዋ ሐረር፣ አልፎ አልፎም እስከ ጅግጅጋ እመላለሳለሁ። ከ70 እስከ 80 ላይ እያለሁ አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ከመታ መሪው ከእጄ ሊወጣ እስኪደርስ ይርገበገባል። ወደ 30 ካልወረድኩ አይለቅም። ጭነት ስይዝ ብዙም የለም፤ ባዶ ስመለስ ነው የሚብሰው። ባላንስ ሁለት ጊዜ፣ አላይመንት አንድ ጊዜ አሠራሁ። አዲስ የመሪ ሾክ ሲገባለት ጠፍቶ ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ብሶበት ተመለሰ። አምና ከፍ እንዲል ረዘም ያለ ሞላ አስገብቼለታለሁ፣ ጎማውንም ሰፊ አድርጌዋለሁ። አሁን መካኒኩ የመሪ ሳጥኑ ሞቷል ይለኛል። ልግዛ?»

አትግዛ። የዘረዘርከው ምልክት የመሪ ሳጥን ምልክት አይደለም። የመሪ ሳጥን፣ የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው የማርሽ ቤት፣ ውስጡ ሲበላ መሪው ልቅ ይሆናል። ትንሽ ስታዞረው ጎማው ቶሎ አይታዘዝም፣ መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፣ አንተም ስታስተካክል ትውላለህ። ጉድጓድ ሲመታ የሚነሳና ፍጥነት ካልቀነስክ የማይለቅ መርገብገብ ግን መጀመሪያ የሚፈለገው ከሳጥኑ በታች ባሉት መገጣጠሚያዎች ላይ ነው። ሳጥኑ ውድ ዕቃ ነው። ቀይረኸው መኪናው እንደዚያው ከቀጠለ ገንዘብህን በከንቱ አፈሰስክ ማለት ነው።

መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ለስላሳ አስፋልት ላይም ቢሆን በተወሰነ ፍጥነት፣ ለምሳሌ ከ80 እስከ 100 ባለው ውስጥ፣ የሚመጣና ፍጥነቱን ስታልፈው የሚቀንስ ደቃቅ ንዝረት አለ። እሱ የጎማና የቸርኬ ጉዳይ ነው፤ ባላንስ የሚፈታውም እሱን ነው። ፍሬን ስትረግጥ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ፍሬን ዲስክ ወጣ ገባ መሆኑን ይናገራል። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ማርሽ ሳይቀንሱ ፍሬን ላይ ብቻ ተኝተው የሚወርዱ መኪኖች ላይ ይሄ ይበዛል። ያንተ ሦስተኛው ዓይነት ነው። አንድ ምት ያስነሳዋል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይቀጥላል፣ አንተ ፍጥነት ነስተህ ካልገደልከው አይሞትም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ከገባህ ፍለጋው ግማሽ ይቀልልሃል። የ79 የፊት አክስል ድፍን ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ረጅም ዘንግ ተያይዘዋል። ግራው ሲመታ ምቱ በዘንጉ አልፎ ቀኙን ይገፋዋል፤ ቀኙ መልሶ ግራውን ይገፋዋል። መገጣጠሚያው ሁሉ ጥብቅ ከሆነ ነገሩ አንዴ ተወዛውዞ ይሞታል። አንድ ቦታ ላይ ክፍተት ካለ ግን ጎማው በዚያ ክፍተት ልክ በነፃነት ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ይጋጫል፣ ይመለሳል። መኪናው በሄደ ቁጥር መንገዱ ለዚህ መወዛወዝ ጉልበት ይመግበዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ ቀስቃሽ ብቻ ነው። ምክንያቱ ክፍተቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስት ትንንሽ ክፍተቶች ተደምረው ነው እዚህ የሚያደርሱት።

አሁን እስካሁን ያሠራኸውን እንይ። ባላንሱ ክፉ አልነበረም፣ ግን የሌላ በሽታ መድኃኒት ነው። አላይመንቱም እንደዚያው። ድፍን አክስል ባለው መኪና ላይ በተለምዶ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው፤ ማለትም የፊት ጎማዎች አፍንጫ ወደ ውስጥ የሚጠጋበት መጠን። ካምበርና ካስተር የሚባሉት ማዕዘኖች በ79 ላይ የሚዞር ቡሎን የላቸውም። ማሽን ላይ አውጥተው «ተስተካክሏል» ያሉህ ቶውን ነው። በዚያ ላይ ልቅ መገጣጠሚያ ያለው መኪና ላይ ቶ መለካት ዋጋ የለውም። ልኩ መኪናው ከማሽኑ ሲወርድ ይቀየራል።

የመሪ ሾኩ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሾፌር የሚታለለው በእሱ ነው። አዲስ ሾክ መወዛወዙን ውጦ ያስቀረዋል። በሽታው ግን እዚያው አለ። በየጉድጓዱ ሾኩን ሲቀጠቅጠው ይከርምና ይገድለዋል፤ በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ደግሞ ልቅ የነበረው መገጣጠሚያ ይበልጥ ይበላል። ብሶበት የተመለሰው ለዚህ ነው። ሾክ ጤነኛ የፊት እግር ላይ የሚጨመር ዕቃ ነው፤ የሚገባውም በመጨረሻ ነው።

ወደ ፍለጋው እንሂድ። ከማየትህ በፊት መኪናውን በግፊት ውሃ አታሳጥበው። ልቅ የሆነ ብረት ምልክት ይተዋል፣ ውሃው ያንን ምልክት ይወስደዋል። ደልዳላ ቦታ አቁመው፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አስገባ። ጎማዎቹ መሬት ላይ ይሁኑ፤ ክሪክ አያስፈልግም። ሞተሩ ይነሳ። አንድ ሰው መሪውን ወደ ግራና ቀኝ በአጭሩ፣ በስንዝር ልክ፣ ቶሎ ቶሎ ይመላልሰው። አንተ ከፊት ተኝተህ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ተራ በተራ ተመልከት። የሚቆነጥጥ ቦታ ውስጥ ሳታስገባ ጣትህን መገጣጠሚያው ላይ አሳርፍ። ዓይን የሳተውን ጣት ያገኘዋል፤ ልቅ ከሆነ ኳ ኳ ሲል ይሰማሃል።

መጀመሪያ የማሳይህ ፓናርድ የሚባለውን ዘንግ ነው። አንዱ ጫፉ ከሻንሲው፣ ሌላው ጫፉ ከአክስሉ ጋር የታሰረ፣ አግድም የሚያልፍ ዘንግ ነው። ሥራው አክስሉ ከመኪናው አካል ሥር ወደ ጎን እንዳይንሸራተት መያዝ ነው። ባለ ሞላ ፊት ላይ ይሄን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱም ጫፍ ላይ የጎማ ቡሽ፣ ጎሚኒው፣ አለ። መሪው ሲመላለስ ጎሚኒው ትንሽ ቢለጠጥ ችግር የለውም። የቡሎኑ ራስ ከታሰረበት ብረት ላይ ሲንቀሳቀስ ካየህ ግን ሌባውን ያዝከው።

የድሬ አቧራ ሁሉን ነገር አንድ ዓይነት ስለሚያስመስለው ቡሎኑን በደረቅ ጨርቅ ጥረገውና ቀረብ ብለህ እየው። በቡሎኑ ዙሪያ ቀይ ዱቄት ካለ፣ ወይም ብረቱ እንደ ብር የተወለወለ ቀለበት ካበጀ፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ ከርሟል። ያን ጊዜ ቡሎኑን አስወጣና ቀዳዳውን ተመልከት። ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል መስሎ ከሆነ አዲስ ጎሚኒ ብቻውን አያድንህም። ጥሩ በያጅ ልኩ የተጠበቀ ወፍራም ቀለበት ብረት በሁለቱም በኩል ይበይድበት፣ ቡሎኑም አዲስ ይሁን። ጎሚኒ ስታስገባ ደግሞ አንድ ነገር አትርሳ። የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። «ከወራት በፊት ቀይሬው» የሚባለው ጎሚኒ ተቀዶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ታይሮዶቹን፣ ጫፋቸው ላይ ኳስ መሳይ መገጣጠሚያ ያላቸውን የመሪ ዘንጎች፣ እይ። ዘንጉን በእጅህ ይዘህ በራሱ ዙሪያ ብታሽከረክረው ትንሽ መዞሩ ጤናማ ነው፤ በዚያ ብቻ «ታይሮዱ ሞቷል» ብሎ የሚያስቀይርህን አትስማ። ጉዳቱ ኳሱ ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ሲላወስ ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ አሸዋ ከገባበት ዛሬ ደህና ቢመስልም ዕድሜው አጭር ነው። የተበላ ታይሮድ ቀጥቅጦ ወይም ውስጡ የሆነ ነገር ሸጉጦ ማጥበቅ ግን አልቀበልም፣ ለማንም አልመክርም። ታይሮድ መንገድ ላይ ሲወልቅ ጎማው የፈለገበት ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ መሪ የለህም።

እዚያው ተኝተህ የመሪ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸውን ቡሎኖችም እይ። ሳጥኑ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ቡሎኖቹ ላልተው ሙሉ ሳጥኑ ሲወዛወዝ ይገኛል። በሳጥኑና በፓናርዱ መያዣ አካባቢ ሻንሲው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ደግሞ በዚያ መኪና መንዳት አቁም። ስንጥቁ በወጉ ተበይዶ በተጨማሪ ብረት መጠናከር አለበት።

ከዚህ በኋላ ነው ክሪክ የሚያስፈልገው። አክስሉን አንሳና በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፈው። ድርድር የድንጋይ ካብ መቆሚያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም ማንም አይግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ግፋ ሳብ አድርገው። ከተላወሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና ድገመው። ፍሬን ሲያዝ መላወሱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ማስተካከል ወይም መቀየር ይበቃል። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ችግሩ ጎማው ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርባቸው ሁለቱ ኩሽኔታዎች ላይ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ በኳስ መሳዩ ቤት ውስጥ።

እነዚህ ሁለት ኩሽኔታዎች የሚገባቸውን ትኩረት አያገኙም። የማይጮኹ፣ ከውጭ የማይታዩ ናቸው። ሳይላወሱም ሊያምሙህ ይችላሉ። በትክክል የታሰረ ኩሽኔታ ትንሽ ተጭኖ ነው የሚቀመጠው፤ ያ ጫና ራሱ መወዛወዙን ይይዘዋል። ጫናው ሲጠፋ ጎማው በነፃ ይንሳፈፋል። ለማወቅ ጎማውን አውልቅ፣ ታይሮዱን ፍታና እግሩን፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትን ክፍል፣ በእጅህ ግራና ቀኝ አዙረው። ለስለስ ብሎ፣ ግን እየተቃወመህ መዞር አለበት። ያለ ምንም ተቃውሞ ከዞረ ጫናው ሄዷል። ቀጥታ ቦታው ላይ ሲደርስ እንደ ጎድጓዳ ነገር ከያዘህ ኩሽኔታው ተወቅሮ አልቋል። ኳሱ ላይ ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ ወርዶ ካየህ ደግሞ የዲፈረንሻል ዘይት በውስጠኛው ሲል (ዘይት መከለያው) አልፎ ግራሶውን እያጠበው ነው፤ ሲሉም አብሮ ይቀየራል። ጫናው የሚስተካከለው ከላይና ከታች ባሉ ስስ ሽፋን ብረቶች ነው። የላዩ ለላይ፣ የታቹ ለታች ተለይቶ ይቀመጥ። ከተደባለቀ እግሩ ከመሃሉ ይወጣል፣ ሲል ይበላል። ይሄን ሥራ ለለመደው ሰው ስጠው።

አሁን «ጭነት ስይዝ ይጠፋል» ያልከኝ ላይ ልምጣ። ከጻፍከው ሁሉ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው፣ መካኒኩም ያለፈው ይመስለኛል። ድሬ ላይ ያደገ ሰው ብስክሌት እጅ ለቅቆ መንዳትን ያውቃል። ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት የፊት ሹካው ወደ ኋላ ዘንበል ማለቱ ነው። በመኪና ላይ ያ ዘንባላ ካስተር ይባላል፤ ጎማው ራሱን ወደ ቀጥታ እንዲመልስ የሚያደርገው እሱ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ረዘም ያለ ሞላ አስገብተህ መኪናውን 5 ሴንቲ ሜትር ስታነሳው አክስሉ ይሽከረከርና 2 ዲግሪ ገደማ ይጠፋል። አብዛኛውን ካስተር ጣልከው ማለት ነው። ስትጭን ኋላው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ ከጠፋው ላይ 1 ዲግሪ ገደማ ይመለሳል። ለዚህ ነው ጭነህ ስትሄድ የሚታገሰው። የሚጭን መኪና ማንሳትን አልቃወምም፤ ካስተሩን ሳይመልሱ ማንሳትን ግን እቃወማለሁ። መፍትሔው ቀዳዳቸው ከመሃል የወጣ ልዩ ጎሚኒዎች ናቸው፤ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው በሚሄዱት ሁለት ክንዶች ላይ ይገባሉ። ካላገኘህ የድሮውን ሞላ መልስ። ክንዶቹን ቆርጦ መበየድን አትሞክር።

ሰፊው ጎማም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ፋብሪካው ከሚያወጣው ቀጭኑ 7.50 በ16 ይልቅ ይከብዳል። ቸርኬውም ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ እያንዳንዱ ምት መሪውን የሚገፋበት ጉልበት ይጨምራል። ክፍተቱን አይፈጥርም፣ ግን ያጋልጠዋል። ነፋሱንም ተመልከት። ለጭነት ብለህ ጠንክረህ የሞላኸውን ባዶ ስትመለስ አትቀንሰውም፣ አይደል? የጠነከረ ጎማ በባዶ መኪና ላይ ይነጥራል። ልኩ በር ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ነው፤ የሚለካውም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ። ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ነፋሱ በ1 ፒ ኤስ አይ ገደማ ይወጣል። የድሬን ቀትር ከሐረር ማለዳ ጋር አስበው። የጎማውንም ዕድሜ እይ፦ ጎኑ ላይ የታተመው ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግርሃል፤ 2318 ማለት የ2018 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ያረጀ ጎማ ውስጡ ያለው ሽቦ ሲላቀቅ አንድ ቦታ ላይ ያብጣል። ጎማውን አንስተህ ስታሽከረክረው እብጠቱ ይታያል።

ደጫቱን ወይም ሌላ ጎርፍ ያለበትን ወንዝ በክረምት ከተሻገርክ ደግሞ የቸርኬውን ውስጥ ፈትሽ። አንዱ ጎን ላይ የደረቀ ጭቃ ባላንስን ያበላሻል። ይሄ ፈጣን ነገር ነው፤ ፈትሸው እለፍ።

የባለ ባሌስትራ ላንድክሩዘር ነጂዎችም ይሄን ስለምታነቡ አንድ ቃል። የእናንተ ፊት ፓናርድ የለውም። በሱ ፋንታ የባሌስትራውን ጎሚኒዎችና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቅርጽ ቡሎኖች ተመልከቱ። የቀረው የመገጣጠሚያ ፍተሻ ያው ነው።

ስለዚህ ያንተ ቅደም ተከተል ይሄ ይሁን። ፓናርዱን ከነቡሎኖቹና ቀዳዳዎቹ፣ ከዚያ ታይሮዶቹን፣ ከዚያ የጎማና የእግሩን ኩሽኔታዎች አጣራ፤ ልቅ ሆኖ የተገኘው ሁሉ ይቀየር። አንዱን ብቻ ቀይረህ ሌላውን «ለጊዜው ይቆይ» ካልክ አዲሱም በቶሎ ያልቃል። ካስተሩን መልስ። ከዚያ ነው ቶውን የምታስለካው፣ በመጨረሻ የመሪ ሾኩን የምትቀይረው። ግምቴን ከጠየቅከኝ ያንተ መኪና ላይ የፓናርድ ጎሚኒና የካስተር ጉድለት አብረው ነው ያሉት። ሳላየው ግን አልማልም፤ ለዚህ ነው ከላይ ያለውን ፍተሻ ሳትዘል አድርገው የምልህ።

እስኪሠራ ድረስ የደንገጎን ቁልቁለት በዚህ መኪና አትውረድ። ከባቢሌ ወደ ጅግጅጋ ያለው መንገድም ቀጥ በሚልበት ቦታ ፍጥነት ስለሚጋብዝ ያታልልሃል። ከተማ ውስጥ ለጋራዥ ጉዞ ብቻ፣ ከ40 ሳታልፍ አንቀሳቅሰው። ከተነሳብህ መሪውን በሁለት እጅ ያዝ፣ አውራ ጣትህን ግን ከመሪው ክብ ውጭ አድርገው፤ ውስጥ ካስገባኸው ሲመልስ ይሰብረዋል። ነዳጁን ልቀቅ፣ ፍሬን በድንገት አትርገጥ። ቀስ እያልክ ፍጥነቱን አውርድና ዳር ያዝ።

ተሠርቶ ሲወጣ 500 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ የፓናርዱን፣ የክንዶቹንና የመሪ ሳጥኑን ቡሎኖች እንደገና አስጠብቅ። ሳጥኑን የምንወቅሰው ይሄ ሁሉ ጠብቆ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜም አንድ ሰው መሪውን በአጭሩ ሲመላልስ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ እየዞረ ከሥሩ የሚወጣው ክንድ ዝም ካለ፣ አዎ፣ ሳጥኑ ተበልቷል። ላዩ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን በማጥበቅ ብቻ አትለፈው። ከልክ በላይ ከጠበቀች መሪው መሃል ላይ ይይዛል፣ ከመታጠፊያ በኋላም ራሱን አይመልስም። ሳጥኑን አስፈትተህ ውስጡን አሳይ፤ መጠገን እያለ አዲስ አትግዛ።